ቁልቁለት ይቅደም

ከባንክ ሥራ በጡረታ የተሰናበተ አንድ ሰው ባለፈው መስከረም ማብቂያ ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ጋራ በእግር ለመጓዝ ፈቅዶ በመጣ ጊዜ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት እርምጃ ነው የምንሄደው? እኔ እኮ ዐሥር ሺሕ ካልሞላሁ የተጓዝሁ አይመስለኝም» አለኝ። እኔም፣ «ወንድሜ፣ የእርምጃውን ብዛት ተወውና ቁልቁለቱ በጉዞው መጀመሪያ ነው ወይስ በመጨረሻው ብለህ ጠይቀኝ» ብዬ መለስሁለት። እንግዳው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ባልንጀሮቼ ግን በዚህ ነገር ላይ ከእኔ ጋራ ቀልድ እንደሌለ ስለሚያውቁ አቀርቅረው ዝም አሉ፤ ምናልባትም ክርክሩ እንደ ልማዱ እስከ ወንዙ ድረስ እንዳይዘልቅ ፈርተው ይሆናል። እነሆ አሁን ጊዜ ስላገኘሁ፣ በመንገድ ላይ ተናግሬ የማልጨርሰውን በወረቀት ላይ ላስፍረው።

ስለ ዐሥር ሺሑ እርምጃ አንድ ቃል ብቻ ተናግሬ ልለፍ። ይህ ቍጥር ከሐኪም አንደበት የወጣ ትእዛዝ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በቶኪዮ የኦሊምፒክ ውድድር ተደርጎ ሕዝቡ ሁሉ ስለ ሰውነት ማጠንከር በሚያወራበት ሰሞን፣ በማግሥቱ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ የሚቈጥር መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ በዚህ ቍጥር ስም ስላወጣለት በዓለም የተሠራጨ የነጋዴ ቍጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያም በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚመክረው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መጠነኛ ድካም ያለው እንቅስቃሴ በየሳምንቱ እንዲያደርጉ፣ በዚያም ላይ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያጸና ልምምድ እንዲጨምሩ ነው። የእኔ ክርክር ሁሉ ያለው በዚህ በኋለኛው ምክር ውስጥ ነው፤ ሽማግሌን የሚጥለው የእርምጃው ማነስ ሳይሆን የሚዛኑ መናጋት ነውና፣ ሚዛኑም የሚናጋው ይልቁንም በቁልቁለት ላይ ነውና።

የምዕራብ ጎጃም ከተሞች፣ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በወይና ደጋው ጀርባ ላይ ተዘርግተው የተቀመጡ ናቸው። ቀድሞ ውጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬም ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆኑ፣ ላህም ብርም ፈጠምም ከበታች በየሸለቋቸው ወርደው ኋላ ለዓባይ ይገብራሉ። ስለዚህ ከደጁ ተነሥቶ ወደ ገጠሩ የሚወጣ የከተማ ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ በመልክዐ ምድሩ ሥርዓት መጀመሪያ ይወርዳል፣ ሲመለስም ይወጣል። እኔ የምለው ይህን ሥርዓት አታፍርሱ ነው።

የሚያፈርሱትስ እነማን ናቸው? በከተማችን አንድ የተመሰገኑ የስፖርት መምህር አሉ፤ ቅዳሜ ጧት ጧት ወጣቱንም ሽማግሌውንም ቀላቅለው ጉብታ ያስወጣሉ፣ ጉልበት ገና ትኩስ ሳለ ከባዱን ነገር መጨረስ፣ ከዚያም በኋላ እየተጫወቱ እየተዝናኑ መውረድ የጥበብ መጀመሪያ ነው ብለውም ያስተምራሉ። ይህ ትምህርት ለሃያ ዓመት ጎረምሳ እውነት ነው፤ ለሰባ ዓመት ሰው ግን ሐሰት ነው። ዳገት የሚፈትነው ልብንና ሳንባን ነው፤ እነዚህም ሲደክሙ ባለቤታቸውን ያስታውቃሉ፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ግንባር ያልባል፣ ሰውየውም ሳያፍር ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ጥቂት ቈይቶም እንደ ገና ይነሣል። ጉልበት ግን ነገሩን ይደብቃል። ሰው ቁልቁል ሲወርድ የጭኑ የፊት ጡንቻ በሰውነት ክብደት እየተሳበ፣ እየረዘመም፣ በየእርምጃው መላ አካሉን ይዞ ያቆማል፤ የዚህም ድካም ያን ሰዓት አይሰማም፣ ሕመሙ የሚታወቀው በማግሥቱ ከመኝታ ሲነሡ ነው። እንግዲህ በዳገት የዛለ ጭን ይዞ፣ ቀኑም ሞቆ፣ ወሬውም ደምቆ፣ ልብም ቤት ደርሻለሁ ብሎ በተዘናጋበት ሰዓት ቁልቁለት መግባት ማለት፣ አደጋውን ሁሉ ለቅሞ በአንድ ሰዓት ላይ ማከማቸት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ለመሻገር የዓባይን በረሓ የወረደ መንገደኛ ሁሉ ያየው ነገር ነው፤ ልምድ ያለው የጭነት መኪና ሾፌር የሚጨነቀው በዳገቱ አይደለም፣ ገና ከአፋፉ ላይ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑ ሳይግል ነው ቁልቁለቱን የሚጀምረው።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ፣ ባላባትም ቢሆን ካህንም ቢሆን፣ ዳገቱን ተቀምጦ ይወጣና አፋፉ ላይ ሲደርስ ከኮርቻው ወርዶ ቁልቁለቱን በእግሩ ይሄዳል፤ ይህም ለበቅሎይቱ በማዘን ብቻ አይደለም፣ እንስሳይቱ ጭነት ይዛ የምትወድቀው በየት በኩል እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ በየካቲት ወር ቡሬን ከጠላት ያስለቀቀው ጦር ስንቅና ጥይት የጫነው ከቆላ በመጡ ግመሎች ላይ ነበር፤ ብርዱም፣ ጭነቱም፣ የደጋው ወጣ ገባም ተባብረው እጅግ የሚበዙትን ፈጅተዋቸዋል። የሜዳ እግር በተራራ አገር ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ለሚፈልግ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኝለትም።

ነገር ግን ምስክር ከተባለ የእኔ ተወዳጅ ምስክር እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ይህ ሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ኅዳር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቈጣጠር በጥቅምት ወር ማብቂያ፣ ማለትም በወርኀ ጽጌ መዝጊያ አቅራቢያ፣ ዛሬ በሰከላ ወረዳ ወዳለው ወደ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ ምንጩን ከላይ ከኮረብታው ሆኖ ባየ ጊዜ ደስታው አእምሮውን ነሥቶት፣ የቦታውን ቅድስና የሚያከብሩት የአገሩ ሰዎች በነገሩት ሥርዓት ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ሮጠ። ኮረብታው አበባ ለብሶ ነበር፤ የአበባውም ሥር እንደ ሽንኩርት ራስ ከመሬት ብቅ ያለ ስለ ነበረ፣ ቅርፊቱ ከእግሩ በታች እየተላጠ ሁለት ጊዜ ክፉኛ እንደ ጣለው በገዛ መጽሐፉ ጽፎታል። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና አርባ አልሞላም ነበር። ከእርሱ በፊት በ1618 ምንጩን አይቶ የጻፈውን ፔድሮ ፓኤዝን ለማስተባበል ያን ያህል ቀለም ያፈሰሰ ሰው፣ ስለ አወዳደቁ ይህን ያህል እውነተኛ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ፍጻሜው ነው፤ ከምጽዋ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር እስከ ሰናር፣ ከዚያም የኑብያን በረሓ አቋርጦ በሕይወት የተመለሰው ይህ መንገደኛ፣ በ1794 በ63 ዓመቱ፣ አንዲት እንግዳ ወይዘሮን ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁልቁል ወድቆ ሞተ። ይህን ታሪክ ለስፖርት መምህሩ ብነግራቸው፣ «ደረጃ ሌላ፣ ተራራ ሌላ» አሉኝ። አይደለም፤ አንድ ናቸው።

የግሽ ዓባይን ነገር ካነሣሁ ዘንድ፣ ወደዚያ ለመሳለም ለሚሄዱ አረጋውያን አንድ ነገር ላሳስብ። ቦታው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱም እንደ ፍኖተ ሰላም አይደለም፤ እህል የቀመሰ ሰውም ወደ ጸበሉ እንዳይቀርብ ሥርዓቱ ይከለክላል። ስለዚህ የስኳር ሕመም ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ጾም ይዞ ቁልቁለት መውረድን በእልህ አይድፈረው፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ቢጸልይ የቦታው ጻድቅ አቡነ ዘርዐ ብሩክ አይቀየሙትም ብዬ አምናለሁ።

መምህሩ ከሚያነሡት ክርክር ውስጥ በእውነት ክብደት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የፀሐይ ነገር ነው። ጠል ሳይረግፍ፣ ቀዩም አፈር ሳይጠነክር ማለዳ ቁልቁል መውረድ አይቻልም፤ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ የመንገዱ ቅርፊት ደርቆ ቢታይም ከሥሩ ገና ጭቃ ነውና፣ መረሬው አፈር ባለበት ቦታ ደግሞ ጫማን ከነእግር ይይዛልና። ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በፊት አንነሣም። እንግዲያውስ ዳገቱ የሚገጥመን በአምስት ሰዓት ፀሐይ ነው ይላሉ መምህሩ፤ እውነት ነው። ለዚህም መልስ አለኝ፤ እንዲያውም የሙያው ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ላይ ነው። የጧት ፀሐይ ምሥራቁን ፊት አስቀድማ ታደርቀዋለችና በምሥራቁ ፊት እንወርዳለን፤ ከወንዙ አጠገብ የጉብታውን ግርጌ ዞረን፣ ፀሐይ ዘግይታ በምትደርስበት በምዕራቡ ጎን፣ በተቻለ መጠንም ዋንዛና ብሳና ባለበት ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን በሚያዋስነው መንገድ እንመለሳለን። እንዲህ ያለ ዙሪያ መንገድ ለማግኘት ካርታ አያስፈልግም፤ የከብት መንገድ ተከትሎ፣ እረኞቹ እኩለ ቀን ላይ ከብቶቻቸውን በየት በኩል እንደሚመልሱ መመልከት ይበቃል። እረኛ ከብቱን በፀሐይ ፊት ዳገት አያስወጣም።

ስለ ዱላ ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ባልንጀሮቼ ይታዘቡኛል። ከተሜው ሽማግሌ ሁሉ ከዘራ ይዞ ይመጣል፤ ከዘራ ለሸንጎ፣ ለለቅሶ ቤትና ለአስፋልት የተገባ ጌጥ ነው፣ ለቁልቁለት ግን አጭር ነው፤ ወደ ታች ሲዘረጉት ወገብን ያስጎነብሳል፣ የጎነበሰ ሽማግሌም ግማሽ መንገድ ወድቋል። ለቁልቁለት የሚሆነው ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ፣ እጅ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተትበት የገበሬ ዱላ ነው። ወይራ ይከብዳል ግን ይታመናል፤ ክትክታ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ከአገው ምድር የሚመጣው ቀርከሃ ቀላል ቢሆንም ጫፉ ስለሚሰነጠቅ በሽቦ መታሰር አለበት። መሪጌታው ወዳጃችን፣ በማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ ተደግፎት የሚያድረውን መቋሚያ ይዞ ካልመጣሁ ብሎ አስቸግሮን ነበር፤ መቋሚያ ለቆመ ሰው የተሠራ መሆኑን ብነግረው፣ «እኔ እኮ ከአርባ ዓመት በላይ ቆሜበታለሁ፤ አንተ በዱላህ ስንት ዓመት ቆምህበት?» አለኝ። ለዚህ መልስ ስላጣሁ እርሱን ብቻ በመቋሚያው እንዲወርድ ፈቅጄለታለሁ።

ሌላው ሥርዓታችን አጭር ነው። በቁልቁለት ወግ የለም፤ ወጉ ለዳገቱ ማረፊያ ይቈያል። ጉልበቱ የደከመው ከፊት ይሄዳል፣ ጠንካራው ከኋላ፤ ደካማው ከኋላ ከሆነ እንዳያስጠብቅ ሲል ይቸኩላልና። መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው፤ ውርደት የለበትም። የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ጠል በነካው ሣር ላይ አይታመንም።

የገጠሩ ሰው ግን ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወስዶብናል። በርበሬ የሚለቅመው፣ ዳጉሳውን ከወፍ የሚጠብቀው ገበሬ፣ ነጫጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተሰልፈው ሲወርዱ ባየ ጊዜ፣ «ደኅና ዋላችሁ፣ ወዴት ናችሁ?» ይላል፤ «እንዲያው ለመንሸራሸር» ብንለው ዐይኑ ይጠራጠራል፣ አንዱ እንዲያውም «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ብሎን ነበር። ፍርዱ ልክ ነው። በዚህ አገር ሰው በእግሩ የሚሄደው ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ፣ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ ያለ ጉዳይ መሄድ የጤና አይመስልም። እኔም ራሴ በልጅነቴ ከእናቴ ጋራ ወደ ቡሬ ገበያ በርበሬ ተሸክመን ስንሄድ፣ መንገድ ማለት ሸክም ማለት ነበረና፣ አንድ ቀን ለደስታ ብዬ እጓዝበታለሁ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ገበሬው እንዲያ ካለን ወዲህ ለእያንዳንዱ ጉዞ ጉዳይ አወጣለታለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ደብር መሳለም፣ ከአንድ ገበሬ ማር መግዛት፣ ወይም ወገን የሞተበትን ቤት ገብቶ ማጽናናት። አሁን «ወዴት ናችሁ?» ሲሉን የምንመልሰው አለን፤ ጉዳይ ያለው ሽማግሌም፣ አስተውዬዋለሁ፣ ጉዳይ ከሌለው ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የቁልቁለት ነገር ከወዴት እንደ መጣብኝ የሚጠይቁኝ አሉ። ከመጽሐፍ አልመጣም። ባለቤቴ ከከተማው በታች ወዳለው ደብር መሄድ በተወች ጊዜ፣ እኔ ዳገቱ ከብዷት መስሎኝ ስንመለስ በባጃጅ እወስድሻለሁ እላት ነበር፤ እርሷም አንድ ቀን፣ «መውጣቱንስ እያረፍሁም ቢሆን እችለዋለሁ፤ የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው፣ እግሬ ከእኔ ቀድሞ የሚሄድ ይመስለኛል» አለችኝ። እኔ ለዘመናት ልጆችን የመሬትን ከፍታና ዝቅታ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ በቤቴ ውስጥ ያለውን ይህን እውቀት እስከዚያ ቀን አልጠየቅሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ዱላ ቈርጬ፣ በየጧቱ ከደጃችን እስከ መጀመሪያው ማጠፊያ ድረስ ብቻ እየወረድን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ሾላው፣ ከዚያም እስከ ደብሩ አጥር ድረስ ተለማመድን። በዚያው ዓመት በጥቅምት የጽጌን ማኅሌት ከታች ሰማች። ዛሬ ከሰልፉ ፊት የምትሄደው እርሷ ናት፤ የሁላችንም ፍጥነት የእርሷ ጉልበት ፍጥነት ነው፣ የባንክ ሠራተኛ የነበረው ወዳጃችንም ስልኩን እያየ ከኋላ ይከተላል።

መንገዱ በጎ በሆነ ጊዜ፣ ይህም በእኛ አገር በዚህ ዘመን ሁልጊዜ የሚገኝ ጸጋ አይደለም፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ድረስ ባሉት ቀናት ከእኛ ጋራ ሊወርድ የሚሻ ሽማግሌ ቢኖር፣ ከዘራውን በቤቱ ትቶ፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ ዱላ ይዞ፣ ጠል እስኪረግፍ ቈይቶ ይምጣ። የስፖርት መምህሩም፣ ደብዳቤ ጽፌላቸው ካበቃሁ በኋላ እንኳ፣ ዘንድሮም ሽማግሌዎቹን አስቀድመው ወደ ጉብታው ሊያወጧቸው እንደ ተዘጋጁ ሰምቻለሁ። ተሳስተዋል።